የቃርሚያ እንግሊዝኛ

ቃል የሚያበላሽ ሰው ያናድደኛል። ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል፤ ኮኪት ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋልና። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈ እንግሊዝኛ ፊደሉ ተሳስቶ አይቼ፣ በዚያ ፀሐይ ሾፌሩን አስቁሜ መንገድ ዳር ትምህርት ሰጥቼዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ጠበቀኝና «ገባኝ ቲቸር፤ ባጃጁ ግን እንዲህም ሆኖ ይሄዳል» አለኝ። እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ጥሩምባውን ይነፋልኛል።

ስለዚህ አጎቴ «አንድ ጃፓናዊ እርሻዬ ላይ ሊሰነብቱ ነው፤ አንች ታስተረጉሚያለሽ» ሲሉኝ ደስ ያለኝ ለእሳቸው ብዬ አይደለም። ከተማሪዎቼ ሌላ በእንግሊዝኛ የሚያናግረኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ነበር። አጎቴ የጎንደር ከተማ ሰው ናቸው። ክረምት ሲገባ ትራክተራቸውን አስከትለው ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው መሬታቸው ላይ ሰሊጥ ይዘራሉ፤ ሰሊጡ ተራግፎ እስኪያልቅ ድረስ ጎንደር ያለውን ቤታቸውን በስልክ ያስተዳድራሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ግትር ሰው ግን አላየሁም፤ ራሴን ካልቆጠርኩ።

እንግዳው የመጡት በጥቅምት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በሚቆምበት ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ከማንም ፊት ሲቀርቡ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ድንበር ላይ ፈረንጁንም ቻይናውንም «ኸዋጃ» ነው የሚሉት፤ ከሱዳኖቹ የወሰድነው ቃል ነው። እሳቸውም ገና ከመኪና ሳይወርዱ ኸዋጃ ሆኑ። ለውጭ አገር ሰው አንቱ ማለት እኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም፤ እኔ ግን ያንን ሽበት እያየሁ አንተ ማለት አልሆነልኝም።

የሚሠሩበት ድርጅት ሰሊጥ ቆልቶ የሚሸጥ ነው። የእኛን አገር ሰሊጥ ጣዕሙን ይወዱለታል፤ ነገር ግን አፈር ይገኝበታል። አፈሩ የት ላይ እንደሚገባ አይተው እንዲመለሱ ነው የተላኩት። «እንግሊዝኛ የሚያውቁት ወጣቶች ሰሊጥ አያውቁም። እኔ ሰሊጥ አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም። አለቃዬ ከሁለቱ እንግሊዝኛ ይቀላል ብሎ እኔን ላከኝ» አሉኝ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጡ። በእሳቸው ቋንቋ ሰሊጥ «ጎማ» ይባላል። ይህን ያላወቀ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሽማግሌው ጆንያ ላይ እጃቸውን ጭነው «ጎማ! ጎማ!» ሲሉ ሰማና ወርዶ የመኪናውን ጎማዎች አንድ ሳይቀር በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ነገሩን ባስረዳውም አላመነኝም። ነፋስ የጎደለው ጎማ አይተው መሆን አለበት ብሎ ሄደ።

ሽማግሌው እንግሊዝኛቸውን ሊያሻሽሉ ቆርጠው ነው የመጡት። በየቀኑ አንድ ቃል ይመርጣሉ፤ በዚያ ቃል ላይ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁኛል። ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ማን ለማን ይለዋል? የመጀመሪያው አያስቸግረኝም። ሁለተኛውን ግን ስማርም ሳስተምርም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የቃል መነሻ የሚናገር መዝገበ ቃላት ስልኬ ላይ ጫንኩና ኔትወርክ ሲገኝ እሱን ማንበብ ያዝኩ። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ማን ለማን እንደሚለው መጽሐፍ አይነግርህም፤ ሰዎቹ መሀል መኖር አለብህ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ሳስተምር እንግሊዞች መሀል አንድ ቀን አልዋልኩም።

የመጀመሪያው ቃላችን ራሱ ሰሊጥ ነበር። «ሰሰሚ» የሚሉትን እንግሊዞቹ ከግሪኮች ወሰዱት፤ ግሪኮቹም ከምሥራቅ አገር ሰዎች። የዚያ ቃል ዘመዱ ከእኛ አፍንጫ ሥር ኖሯል፤ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የገላባት ሱዳናዊ ነጋዴ በዓረብኛ «ሲምሲም» የሚለው ነው። መተማ ዮሐንስ ሸራ የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ይህን ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተሽ ከምታወሪን፣ መጀመሪያውኑ እኛን ብትጠይቂን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ጆንያውን «ሳክ» የሚሉት ደግሞ የግዕዙ «ሠቅ» የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። እኔ በደስታ ክፍል ውስጥ ገብቼ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ሳስተምር ዋልኩ። ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እንዲህ እያልን ስንሰነብት ነው የቃርሚያው ነገር የመጣው።

ነዶው እንደ ጎጆ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር እዚህ «ሂላ» ይሉታል። ፍሬው ደርቆ አፉን እስኪከፍት ድረስ እዚያው ይቆማል። ከዚያ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት ሳሉጎች ሸራ አንጥፈው ነዶውን ዘቅዝቀው ያራግፉታል። ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ሂላው ከቆመበት ሥር ሰሊጥ ይፈሳል። በዚያ ወቅት ዋልካው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥም ይገባል። ያ ሰሊጥ የባለ እርሻው አይደለም። የቃራሚዎች ነው።

ቃርሚያ እንዴት እንደሚገባበት የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን የማያውቀው ሰው የለም። የመጨረሻው ሸራ ሲታጠፍ እርሻው ዳር ባዶ እጁን የቆመ ሰው ካለ፣ ባለ እርሻው «ግቡ» ይላል። ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ አይባልም። እጅ ግን ባዶ መሆን አለበት፤ ወንፊቱም ሰፌዱም ከኋላ መሬት ላይ ይቀመጣል። ዕቃ ይዞ መቆም ባለቤቱን እንደ ማስጨነቅ ይቆጠራል። አንዴ «ግቡ» ከተባለ ደግሞ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው የሚዘጋ መሬት የለም። ባለቤቱ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ማን ምን ያህል እንዳገኘ አያይም። ዳር የቆመ ሰው እያየ ዝም ብሎ የሄደ ባለ እርሻ በዚህ አገር ሰምቼ አላውቅም። ቢኖር በሚቀጥለው ዓመት ሳሉግ የሚገባለት አይመስለኝም።

ሽማግሌው ስለ አፈር በተናገሩ ቁጥር የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አጎቴ ሰሙ፣ ሰሙና አንድ ከሰዓት ራኩባው ሥር፣ የሳሩ ዳስ ጥላ ውስጥ፣ ካርካዴያቸውን እየጠጡ «አፈሩ የሚገባው በቃራሚ ነው» አሉ። ቃራሚዎቹ ጠርገው ያወጡትን ከነአፈሩ ለትንሽ ነጋዴ ይሰጣሉ፤ ነጋዴው ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል፤ ዞሮ ዞሮ ስማችን ይጠፋል። ነገሩ ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም፤ የተቀደደ ሸራና የከሰዓት ነፋስ የሚያስገባውን አፈር ማን ይናገር?

«ዘንድሮ እኔ መሬት ላይ ቃርሚያ የለም» አሉ።

«ዳር ቆመው የሚጠብቁትን ሴቶች ምን ሊሏቸው ነው?»

«ምንም አልልም። እኔ ማንንም አልከለክልም። መንገዱ ላይ ዘበኛ አቆማለሁ። ዳር የቆመ ሰው ከሌለ ማንን ከለከልኩ?»

አጎቴ በዚህ ብልሃታቸው በጣም ነው የተደሰቱት። ሽማግሌው እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ያንን ግን አስተርጉሚላቸው አላሉኝም፤ እኔም አላስተረጎምኩም።

ወሬው ኮኪት የደረሰው ከእኔ ቀድሞ ነው። ቤቴ በር ላይ አንዲት ጎረቤቴ ቆማ አገኘኋት። የጎጃም ሴት ናት። ባሏ ሳሉግ ሆኖ ወርዶ እዚሁ ቆላው ላይ ታሞ ሞተባት፤ እሷ ግን ልጇን ይዛ ቀረች። በአጨዳ ጊዜ የሠራተኛ ልብስ ታጥባለች፤ ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እስከ ክረምት የምትኖረው በቃርሚያዋ ነው። ከሁሉም ሰፊው የአጎቴ መሬት ነው፤ ሌሎቹ ትንንሾች ናቸው፣ ቃራሚውም ብዙ ነው። ልጇ አሥራ አንደኛ ክፍል እኔው ጋ ትማራለች።

«አጎትሽ ዘጉት አሉ። እውነት ነው ቲቸር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«በይ እንግዲህ ሳሉጎቹ ሲመለሱ አብሬ መሳፈሬ ነው። እዚያ የወንድሜ ቤት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሩቅ ነው። ልጂቱ ትምህርቷን ትተወዋለች።» ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም። «አንች አፍ አለሽ። እስቲ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። አፍ አለኝ ብዬ ስለማምን አሳምሬ ነው የነገርኳቸው። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «አንች እንግሊዝኛሽን ያዥ፤ እርሻውን ለእኔ ተይው» አሉ። በንዴት ስመለስ ያን ባጃጅ ሾፌር አገኘሁት። ጥሩምባውን ሲነፋልኝ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ከሽማግሌው ጋር የጎረቤት እርሻ አጠገብ ስናልፍ፣ ያ ማሳ ቀድሞ ተራግፎ ስለነበር ሴቶቹ ገብተው ሲቃርሙ አየን። ሽማግሌው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም የእንግሊዝኛውን ቃል ነገርኳቸው፤ «ግሊን»።

የዕለቱ ቃላችን እሱ ሆነ። ምን ማለት ነው? አጫጅ ትቶት የሄደውን መልቀም። ከየት መጣ? ስልኬን አወጣሁ። ደግነቱ ኔትወርክ ነበር። እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ ከዚያ በፊት እዚያ አገር የነበረ፣ ቋንቋው የጠፋ የሌላ ሕዝብ ቃል ነበር ይባላል። ሕዝቡም ቋንቋውም ጠፍቶ የቃርሚያው ቃል መትረፉ ገረመኝ። ማን ለማን ይለዋል? መዝገበ ቃላቱ ዛሬ ቃሉ ይበልጡን የሚነገረው ለወሬና ለእውቀት ነው ይላል፤ ከዚህም ከዚያም መረጃ ለሚሰበስብ ሰው። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ማሳ የሌላቸው ሰዎች የእነዚህን ሴቶች ቃል ወስደው ለወሬ አደረጉት አልኩ። ትንሽ ቆይቼ የእኛም ጋዜጠኞች «መረጃ ቃረምን» እንደሚሉ ትዝ አለኝና ንዴቴን ዋጥኩት።

«እኛም ቃሉ አለን» አሉ ሽማግሌው። በጃፓንኛ ነገሩኝ፤ ኦቺቦ ሂሮዪ። የወደቀ ዛላ መልቀም እንደ ማለት ነው። «ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር በሩዝ ማሳ ሠርቼዋለሁ። ዛሬ ማሽኑ ምንም አይጥልም። ቃሉ አለን፤ የሚሠራው ሰው ግን የለም።» ከዚያ ወደ ሦስተኛው ጥያቄያቸው ተመለሱ። መጽሐፉን ተይውና እዚህ አገር ማን ለማን ይለዋል አሉኝ።

ነገርኳቸው። የመጨረሻው ሸራ ሲታጠፍ፣ ባዶ እጅ፣ ማሳው ዳር፣ «ግቡ»። በጥሞና ነው ያዳመጡኝ።

«አንድ ሰው ብቻ ቢቆምስ?»

«ይበቃል።»

«የሌላ አገር ሰው ከሆነስ?»

«ማን ነህ አይባልም አልኩዎት እኮ።»

ይህን ስመልስ የማስበው ስለ ቃሉ ብቻ ነበር። ቃል ሲጠይቁኝ ሌላ ነገር አይታየኝም፤ ይህ ጠባዬ ነው። ቀጥለው የአጎቴ ማሳ መቼ እንደሚከፈት ሲጠይቁኝ ግን ስልኬን መልሼ ከተትኩ። ዘንድሮ አይከፈትም አልኳቸው። ለምን አሉኝ። «ለአፈሩ ነው። እርስዎ ስለ አፈሩ ስላሉ።»

ፊታቸው ቀላ። ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ መልሰው አወለቁ። «እኔ አፈር አልኩ እንጂ ሰው አላልኩም» አሉ። በእንግሊዝኛ የተናገሩት አንድም ስህተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። እኔም አዘንኩላቸው፤ በእሳቸው ስም የተዘጋውን እሳቸው አያውቁም ነበር።

ያቺ ጎረቤቴ ከቃራሚዎቹ መሀል ነበረችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። እነሱን እያየን ስለ እነሱ እንደምናወራ ገብቷታል። «ምን አልሻቸው ቲቸር? ለማኝ አልሻቸው?» አለችኝ።

«አላልኩም። እንግሊዞቹም ለዚህ ሥራ ስም አላቸው፤ የዱሮ ቃል ነው። እሱን ነው የነገርኳቸው።»

«እስቲ በይው።»

«ግሊን።»

ለራሷ ደገመችው። «አጭር ነው። እንደ ልፋቱ አይደለም» አለችና ተመልሳ አጎነበሰች።

የአጎቴ ማሳ የመጨረሻው ሸራ የሚታጠፍበት ቀን ቅዳሜ ዋለ። ሁለቱ ዘበኞች ዱላቸውን አግድመው መግቢያው ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ከዘበኞቹ ወዲያ፣ አስፋልቱ ዳር በአንዲት ግራር ጥላ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። እንደማይገቡ ያውቃሉ፤ ግን ቤት መዋልም አልሆነላቸውም። አጎቴ ጆንያ የሚሰፉትን እየተቆጣጠሩ ነው። ሳሉጎቹ ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘው አቧራውን አርገፈገፉና ማጠፍ ጀመሩ። ሽማግሌው ካረፉበት የእርሻው ካምፕ ወጡ። ሰሊጥ ሊያዩ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጆንያዎቹን አልፈው፣ እርሻው ዳር ሄደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላቸው መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቆሙ።

መጀመሪያ ሳሉጎቹ ሳቁ። ቀጥሎ አንዱ «ኸዋጃው ለቃርሚያ ቆሟል እኮ!» አለ፤ ሳቁም ቆመ።

አጎቴ ዞር ብለው አዩና ወደ እኔ መጡ። «ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም አላሉም።»

«ጠይቂያቸው እንጂ! ለምንድን ነው የማስተረጉምሽ?»

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከማሳው ላይ ሳያነሱ «ሦስተኛውን ጥያቄ እየተማርኩ ነው» አሉኝ። ይህን ለአጎቴ እንዴት አድርጌ ላስተርጉመው? የሦስቱ ጥያቄ ነገር ምኑም አይገባቸውም። ስለዚህ «ቆሜያለሁ ይላሉ» አልኳቸው።

አጎቴ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቼዋለሁ። ንዴት ነበረበት፤ ከዚያ እፍረት፣ ከዚያ ደግሞ ንዴት። ሳሉጎቹ ሁሉ ያያሉ። ሰውየው እንግዳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ነው። ዘበኛ የሚመልሰው በመንገድ የሚመጣን ነው፤ ከራሳቸው ካምፕ ወጥቶ የቆመን ሰው ማን ይመልሰዋል? ሸራው ታጥፎ አለቀ። «ግቡ!» አሉ አጎቴ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸው፣ እንደ ቁጣ አድርገው። ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ከዚያም ደንቡ እንደሚለው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ እኔንም ሳያዩኝ አለፉ።

ሴቶቹ ከግራሩ ሥር ተነሥተው ሲመጡ ዘበኞቹ ዱላቸውን ወደ ጎን አደረጉ። አንደኛዋ የአንዱ ዘበኛ ሚስት ናት፤ ሰፌዷን እሱ ተቀብሎ ያዘላት። ሽማግሌው ሂላ ከቆመበት ሥር ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው አፈርም ሰሊጥም አንድ ላይ ያፍሱ ጀመር። ጎረቤቴ ይህን አይታ መጣችና እጃቸውን መታ አደረገቻቸው። «ኧረ አፈሩን ይተዉት! እንዲህ ነው» አለች፤ በጣቷ ጫፍ ላዩን ላዩን እያነሣች። ያለችውን አስተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው እዚያው ተንበርክከው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ለካ ለእሳቸው አፈሩን ተዉ ብላ የተናገረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ከመሄዳቸው በፊት ለአጎቴ አፈሩ በየት በየት እንደሚገባ ያዩትን ሁሉ ነገሩ፤ የተቀደደውን ሸራ፣ ነፋሱን፣ ጆንያው መሬት ላይ መጎተቱን። ቃርሚያንም አልደበቁም። ቃራሚ ያስገባውን በወንፊት መለየት ይቻላል፣ ወንፊት እኛም አለን አሉ። አጎቴ ሸራ ቀየሩ። እኔን ግን ሰንበትበት እስኪል አላነጋገሩኝም። ሳሉጎቹ ተጭነው ሲመለሱ ጎረቤቴ መኪናው ላይ አልነበረችም፤ የሚሄዱትን የአገሯን ሰዎች አስፋልቱ ዳር ቆማ ሸኘቻቸው። ልጂቱም ሰኞ ክፍል ገባች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። በዓመቱ ሽማግሌው አልመጡም። ጡረታ ወጡ። አልፎ አልፎ በስልክ ድምፃቸውን ይልኩልኛል፤ አንድ ቃል፣ ሦስት ጥያቄ። በእሳቸው ፈንታ የመጣ ሰው አልነበረም። አጎቴም በጥቅምት ዘበኞቹን መልሰው አቆሙ። «የአምናው ለእንግዳ ክብር ነው። ልማድ አይሆንብኝም» አሉ። ልጂቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆናለች፤ የመልቀቂያ ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው። እናቷ ዘንድሮ ቤቴ በር ላይ መጥታ አልቆመችም። ልጂቱን ብቻ «ጥቅምት እስኪያልቅ ትምህርትሽን ተማሪ» ብላታለች፤ ይህን የነገረችኝ ልጂቱ ናት።

በዚህ ጊዜ አጎቴን አልለመንኳቸውም። የምናገረው ሁሉ አልቆብኝ ነበር። የእንግሊዝኛውን ቃል ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ፤ መነሻውንም እነግራቸዋለሁ። ማን ለማን ይለዋል ሲባል ግን እኔ ለማንም ብዬው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ከእርሻው ዳር መቆም የምችል ሰው መሆኔ አልታየኝም። ቃራሚ ማለት ሌላ ሰው ነበር።

ሸራው የሚታጠፍበት ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩ። ዘበኞቹ የባለ እርሻው የእህት ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ እጅ ነሥተው አሳለፉኝ። ቦርሳዬን ከኋላዬ መሬት ላይ አስቀምጬ ዳር ላይ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጆንያ ከሚሰፉት መሀል ያስተማርኳቸው ልጆች ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሰበሩልኝ። አፈርኩ። ያውም ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት የምቆም ሰው።

አጎቴ አዩኝ። ቀስ ብለው መጡ። «አንች ደግሞ ምን ጎድሎሽ…» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። እንደዚያ አይጠየቅም። ታጥፎ የተቀመጠውን ሸራ አዩ፣ ቦርሳዬን አዩ፣ ባዶ እጄን አዩ። «ግቡ» አሉ፤ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ በክፍል ድምፄ፣ ከመጨረሻው ወንበር የሚያንቀላፋውን በምቀሰቅስበት ድምፅ፣ «ግቡ ተብሏል! ግቡ!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ከግራሩ ሥር ተነሡ። እኔ ሂላው ወደ ቆመበት ሥር ገብቼ አጎነበስኩ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅኩም። ጎረቤቴ ደርሳ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አላመሰገነችኝም። ሰፌዷን አመቻቸች፣ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደች፣ ከዚያ እግሬን አየችና ተቆጣች።

«ጫማሽን አውልቂ እንጂ አንች! ሰሊጡን እየረገጥሽብን ነው።»